ቸርኬውን ይላክ፣ ጎማውን ይተው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዓምድዎን ማንበብ ያስለመደኝ ባለቤቴ ነው፤ ዛሬ ግን የምጽፍልዎ ከእሱ ጋር ስላልተስማማሁ ነው። የምኖረው ሱሉልታ፣ የምሠራው ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። የምነዳው ቶዮታ 86 ነው፤ የ2014 ስሪት፣ ማንዋል፣ ከዱባይ ጠቅልሎ ከገባ ሰው የገዛሁት። ባለፈው ነሐሴ ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ እንጦጦ ጋራ ላይ በረዶ ጥሎ አባርቶ ነበር። ወደ ሱሉልታ በሚያወርደው ኩርባ ላይ ፍጥነት ልቀንስ ብዬ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ ኋላዋ ዞሮ ሊቀድመኝ ምንም አልቀረው። ሞንትሪያል ያለው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ «የኋላ እግር መኪና ያለ በረዶ ጎማ አይነዳም» ብሎ አራት የበረዶ ጎማ ከነብረት ቸርኬው፣ 16 ኢንች፣ ከቤት ዕቃው ጋር በኮንቴነር ሊልክልኝ ተነሥቷል። የሰፈሬ ጎሚስታም ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ለክረምት ልክ ነው አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ መኪናዋን ሽጪና ቪትዝ ግዢ ይላል። አሁን ያሉት ጎማዎች 215/45 አር 17 ናቸው፤ ጥርሳቸው ገና ነው። ጎናቸው ላይ 3414 የሚል ቁጥር አለ። ምን ይሻለኛል?
የሱሉልታዋ

መልስ፦ ልጄ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ጣል ያደረግሽው ቁጥር ላይ ነው። 3414 ማለት ጎማው በፈረንጆቹ 2014፣ በዓመቱ 34ኛ ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። መኪናዋም የዚያው ዓመት ስሪት ስለሆነች ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ጎማ ሳይሆን አይቀርም እስካሁን እግሯ ላይ ያለው። ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ብዙ የጎማ አምራቾች ደግሞ ጥርስ ኖረውም አልኖረውም 10 ዓመት የሞላው ጎማ ይውለቅ ይላሉ። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። የዱባይ ሙቀት፣ ቀጥሎ የኛ የደጋ ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይደርቃል። ጥርሱ ሥራው ውሃውን ገፍቶ ማስወጣት ነው፤ እርጥቡን አስፋልት የሚጨብጠው የላስቲኩ ልስላሴ ነው። ነገ ጠዋት መኪናዋን ሳታስነሺ የአውራ ጣትሽን ጥፍር ጥርሱ ላይ ተጫኚው። የማይሰረጉድ ከሆነ፣ በጥርሶቹ ሥርና በጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ካየሽ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ስለዚች መኪና አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት ሚሽላን ፕራይመሲ ኤችፒ በአንዳንድ ፕሪየስ ላይም የሚገጠም ጎማ ነው። ለስፖርት መኪና ይህን መምረጥ ቸልተኝነት አይደለም፤ በመጠኑ የሚይዝ ጎማ ሰጥተው ነጂው ኋላዋን እንዲያጫውት ፈልገው ነው። ስለዚህ ኋላዋ መጫወቱ ጠባይዋ ነው። እርጅናና የእንጦጦ ዝናብ ሲታከሉበት ግን ጨዋታው ይቀራል።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። የተናገረው ለሞንትሪያል ቅንጣት ስሕተት የለበትም። ኩቤክ ውስጥ በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ማስገጠም በሕግ ግዴታ ነው። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ጎማ ማለቴ ነው። ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን እንዳይደነድን ተደርጎ የተቀመመ ነው፤ ጥርሶቹ ላይ ያሉት ብዙ ስስ ቁርጦችም በረዶውን ነክሰው ለመያዝ ነው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ያው ልስላሴ ይጎዳል። ፍሬን ስትይዢ ጥርሱ ይተጣጠፋል፣ በእርጥብ መንገድ ላይ ለመቆም ከደህና ተራ ጎማ የበለጠ ርቀት ይፈልጋል፣ ቶሎም ያልቃል።

አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ቀን ቀን 20 ዲግሪ ግድም ነው፣ ሌሊት 10 ግድም። ሱሉልታ ከፍ ስለሚል ትንሽ ይቀዘቅዛል እንጂ ሞንትሪያልን አይሆንም። ከ7 በታች የምናየው በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ሲወርድ ነው፤ ያኔ መንገዱ ደረቅ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት ከወጣሽ ጎማው ሞቅ እስኪል የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብለሽ ንጂ። በዚያ ሰዓት በመንገዱ ዳር አትሌቶቹ እየሮጡ ስለሆነ መቸኮሉ ለሌላም ነገር አይሆንም።

ጎሚስታሽ ስለ ጥርሱ ጥልቀት ያለው እውነት ነው፤ ላስቲኩን ግን አልቆጠረውም። በረዶ ሲጥልስ? እንጦጦ ላይ አስፋልቱ እስኪነጣ ድረስ ይጥላል፣ ከጎማ ሥርም እንደተበተነ ሽምብራ ይንከባለላል። ያኔ ኩርባውን አልፈሽ፣ ከኋላ የሚመጣ ሰው ከሩቅ የሚያይሽ ቦታ ላይ ዳር ያዢ፣ ፍሬቻውን በሁለቱም በኩል አብሪና ቁሚ። ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። ለዚያች ሰዓት ብሎ ክረምቱን በሙሉ በማይሆን ጎማ መንዳት እኔ አልቀበልም።

አሁን ስለ ማርሹ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ። በኋላ እግር መኪና ሞተሩ የሚገፋውም፣ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ የሚይዘውም የኋላዎቹን ሁለት ጎማዎች ብቻ ነው። አንቺ ቁልቁለት እየወረድሽ ነበር፤ ክብደቷ ወደ ፊት ሄዶ ኋላዋ ቀሏል። መሪው ዞሯል፣ አስፋልቱ እርጥብ ነው። በዚህ መሐል ሁለተኛ አስገብተሽ ፍሪሲዮኑን ስትለቂ ሞተሩ የኋላ ጎማዎቹን በድንገት ያዛቸው። የእጅ ፍሬን ብትስቢም የሚሆነው ይኸው ነበር። አዲስ ጎማ አደጋውን ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ አያጠፋውም። ከአሁን በኋላ ማርሹን ከኩርባው በፊት፣ መሪው ቀጥ እንዳለ ቀንሺ። ፍሪሲዮኑን ስትለቂ ነዳጁን በትንሹ ንኪው፤ የሞተሩ ዙር ከጎማው ፍጥነት ጋር ይገጥማል። ኩርባው ውስጥ ከገባሽ በኋላ እግርሽን ከነዳጅ ላይ በአንድ ጊዜ አታንሺ። የቪኤስሲን፣ ማለትም መኪናዋ ስትንሸራተት በራሱ የሚገታትን ሥርዓት፣ ማጥፊያ ቁልፍ ደግሞ እስከ መስከረም እርሺው።

ሰዎች የስፖርት መኪና ሲሉ ጉልበቷን ይፈራሉ። የአንቺዋ 200 የፈረስ ጉልበት ቢባልላትም ቱርቦ የላትም፤ በሱሉልታ ስስ አየር ሩብ ያህሉን ታጣለች። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ስትወጪ ነዳጁን በልክ ከሰጠሻት አታስቸግርሽም። ጥንቃቄሽን ለመውረጃው አቆዪው።

ለባለቤትሽም መልእክት አለኝ። ዲኤክስ የነዳ ትውልድ በሙሉ ክረምትን ያሳለፈው በኋላ እግር ነው። ወያላው «ጊዮርጊስ፣ ጊዮርጊስ» እያለ የሚጠራበት ሃይኤስ፣ አይሱዙው፣ ከደርባ ሲሚንቶ ጭኖ የሚመጣው ሲኖትራክ፣ ሁሉም የሚገፉት በኋላ ጎማቸው ነው። ቪትዝ መልካም መኪና ናት። የደረቀ ጎማ ካደረገች ግን እሷም ትንሸራተታለች፤ የሷ በፊት በኩል ይሆናል እንጂ።

ታዲያ ኮንቴነሩ ባዶውን ይምጣ? የለም፣ ቸርኬዎቹን አስመጪ! ወንድምሽ 16 ኢንች የመረጠው ለሞንትሪያል በረዶ ቢሆንም ምርጫው ለሱሉልታ ጉድጓድም ሆኖ ተገኘ። 215/45 አር 17 ጎማ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው ላስቲክ 97 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። 205/55 አር 16 ሲሆን ወደ 113 ይደርሳል። ጉድጓድ ውስጥ ስትገቢ ቸርኬሽን የምታድነው ያቺ 16 ሚሊ ሜትር ናት። የጎማው ጠቅላላ ቁመት የሚለየው በአንድ በመቶ ግድም ስለሆነ ፍጥነት ቆጣሪውን ብዙ አያዛባም። ጠበብ ማለቱም ጎርፍ ላይ ይረዳል፤ ሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። ደግሞም 205/55 አር 16 ብዙ የቤት መኪና የሚያደርገው ልክ ነው፤ መርካቶ ገብተሽ መምረጥ ትችያለሽ። የብረት ቸርኬ ቢጎብጥ ይቃናል፣ የአሉሚኒየሙ ግን ይሰነጠቃል። ተበይዶ አየር የማያስተነፍስ ሆኖ ቢመለስም እኔ ከኋላ እግር አላስገጥመውም።

ወንድምሽ ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፦ «የቶዮታ ቸርኬ» ተብሎ የተሸጠለትን ሁሉ እንዳይወስድ። ይህች መኪና ስሟ ቶዮታ ይሁን እንጂ የተሠራችው ጃፓን ውስጥ በሱባሩ ፋብሪካ ነው፣ እግሯም የሱባሩ ነው። ዳዶዎቹ አምስት ናቸው፣ የሚያርፉበት ክብ 100 ሚሊ ሜትር፣ የቸርኬው የመሐል ቀዳዳ 56.1 ሚሊ ሜትር። ባለ አምስት ዳዶ፣ ባለ 100 የሆነ የቶዮታ ቸርኬ አለ፤ የመሐል ቀዳዳው ግን 54.1 ነው፣ እላይዋ ላይ አይቀመጥም። የዳዶው ውፍረትና የጥርሱ ርቀት በሚሊ ሜትር ሲለካም ይለያል፤ የአንቺ 12 በ1.25 ነው፣ የተለመደው የቶዮታ 12 በ1.5። ጎሚስታው ከሣጥኑ ያገኘውን ዳዶ በጉልበት ካስገባ ጥርሱን ይበላዋል። የቸርኬው ኦፍሴት፣ ማለትም ከወርዱ መሐል እስከ መገጠሚያው ገጽ ያለው ርቀት፣ 48 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቸርኬዎቹ ሲመጡ ጎማ ከመልበሳቸው በፊት አንዱን ባዶውን ከፊት እግር ላይ አስገጥመሽ በእጅ አዙሪው። የፍሬኑን ካሊፐር ከነካ አይሆንም፤ የፊት ፍሬኑ ትልቅ በሆነ መኪና ላይ አንዳንድ 16 ኢንች ቸርኬ ይጠብባል። ዳዶው የሚጠብቀው በቶርክ መፍቻ፣ 120 ኒውተን ሜትር ነው። ቱቦ ሰክቶ ላዩ ላይ የሚቆም ልጅ ካየሽ አስቁሚው።

ጎማውን ከዚህ ግዢ፤ አራቱንም በአንድ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት። ወረቀቱ ካልተነሣ የአውሮፓው መለያ ላይ የዝናቡ ሥዕል ያለበትን መሥመር እዪ፤ ኤ ወይም ቢ ይሁን። የጭነት ቁጥሩ 91 ከሆነ ለዚች መኪና ይበቃል፣ ይተርፋልም። ሻጩ «አዲስ ነው» ሲልሽ ጎንበስ ብለሽ አራቱን የቀን ቁጥሮች አንብቢ፤ መጋዘን ውስጥ ሦስት አራት ዓመት የተቀመጠ ጎማ በአዲስ ዋጋ አይገዛም። በጣም የሚለጠፍ የውድድር ጎማ የሚያቀርብልሽ ካለ እለፊው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይደነዝዛል። አቅም ለሁለት ብቻ ከሆነ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይግቡ። ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ አትጠብቂ፣ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ለክረምቱ አልቋል በዪ። አራት አዲስ ጎማ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ወንድምሽ የበረዶ ጎማዎቹን እዚያው ሸጦ ገንዘቡን ቢልክልሽ የጎማዎቹ የመርከብ ኪራይና ቀረጥም ይተርፋል።

ንፋሱን በሾፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ልክ፣ ጎማው ሳይሞቅ ሙዪ። መጠኑ ከተለወጠ ለ16 ኢንች የተጻፈውን ፈልጊ። የራስሽ መለኪያ ይኑርሽ፤ የመንገድ ዳር መለኪያ ሁሉ የየራሱን ይናገራል። ሱሉልታ የሞላሽውን ይዘሽ አዳማ ብትወርጂ የውጭው አየር ስለሚከብድ ጌጁ ከአንድ እስከ ሁለት ፒኤስአይ ቀንሶ ያሳያል፣ የአዳማ ሙቀት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ለቅዳሜና እሑድ ብለሽ አትነካኪው።

አንድ አጭር ጥያቄ ደግሞ ከለገጣፎ መጥቷል፦ «ጋሼ፣ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ገዛሁ፤ የኋላ ጎማዬ ከፊቱ ቀድሞ እያለቀ ነው። የፊቱን ወደ ኋላ ላፈራርቅ?»

አትችልም፣ ወንድሜ። ብዙዎቹ አይዲ 4 የፊትና የኋላ ጎማቸው ልክ ይለያያል፤ ከፊት 235፣ ከኋላ 255 ስፋት ነው። የአንተንም ጎኑ ላይ አንብበው። ልዩነት ካለ ማፈራረቅ የምትችለው ቀኙን ከግራው ነው፤ እሱም ቢሆን ጎማው መዞሪያ አቅጣጫውን የሚያሳይ ቀስት ከሌለው ብቻ። የኋላው ቶሎ ማለቁ የሚጠበቅ ነው፤ ባትሪው ከባድ ነው፣ ሞተሩም ኋላ ነው፣ ከመብራት ስትነሣም እግርህ የሚከብድ ይመስለኛል። የውስጥ ጠርዙ ብቻ ተበልቶ ከሆነ ግን ጎማ ከመግዛትህ በፊት አላይመንት አስለካ።