ጥያቄና መልስ፦ አብረው የቆረቡ ሰዎች በማኅበር ጽዋ ሊለያዩ ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ፣ አባቴም ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እኔ በ80 ቀኔ ተጠምቄ በቤተ ክርስቲያን ያደግሁ፣ ሥጋውንና ደሙን የምቀበል ነኝ። ወር በገባ በ21 የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር አለን። በዚያ ጠላው ሲቀዳ ለእኔ ብቻ የተለየ ዋንጫ ይቀርብልኛል። ተራዬ ደርሶ በደገስሁ ጊዜም ብዙዎቹ «ጾመኛ ነኝ» እያሉ ሳይቀምሱ ሄዱ። አንዲት እኅት «በቤተ ክርስቲያን እኩል ነን፤ ይህ ግን የአገር ልማድ ነው» አለችኝ። ይህ ልማድ ከእምነታችን ጋር ይስማማልን? ከማኅበሩ ብወጣስ ኃጢአት ይሆንብኛልን?

መልስ፦ የተወደድሽ እኅታችን፣ የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ሳላዘገይ ልመልስ፤ ይህ ልማድ ከእምነታችን ጋር አይስማማም። «የአገር ልማድ ነው» ተብሎም ከእምነት ውጭ ሊቀመጥ አይችልም፤ ማዕድ መለየት በሐዋርያት ዘመን የወንጌል ጉዳይ ሆኖ የተዳኘ ነገር ነውና።

በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 2 ከቁጥር 11 ጀምሮ እንደምናነበው፣ ቅዱስ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ከማዕዱ አፈገፈገ፤ የቀሩትም አይሁድ፣ በርናባስ ሳይቀር፣ ተከተሉት። ልብ ልንለው የሚገባን ጴጥሮስ ስለ እምነት አንዳች ቃል አለመለወጡን ነው። አሕዛብ አይድኑም አላለም፣ ጥምቀታቸውንም አላቃለለም፤ ያደረገው ከገበታ መነሣት ብቻ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ያን መነሣት እንደ ወንጌል እውነት በቅን አለመሄድ መሆኑን ገልጦ በሁሉ ፊት ተናገረው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ሁለቱ ሐዋርያት ይህን ያደረጉት ሌሎቹን ለማስተማር አስበው እንደ ሆነ ይተረጉማል፤ እንደዚያም ሲሆን የነገሩ ክብደት አይቀንስም፣ እንዲያውም ይጨምራል፤ እንዲህ ባለ ታላቅ ጥበብ ሊታረም የሚገባው ስሕተት ነበርና። እንግዲህ «በእምነት እኩል ነን፣ በዋንጫ ግን እንለያለን» የሚለው አነጋገር በአንጾኪያ አንድ ጊዜ ተመዝኖ የወደቀ ነው። ሐዋርያው «አንድ እንጀራ ስለ ሆነ፣ እኛ ብዙዎች ስንሆን አንድ ሥጋ ነን» ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን በቅዳሴ ጊዜ ተቀብሎ ከሰዓት በኋላ በማኅበር ቤት የሚክድ ሰው፣ የካደው የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ብቻ ሳይሆን የቆረበውንም ቁርባን ነው።

በ80 ቀንሽ ወደ ክርስትና ቤት በገባሽ ጊዜ ካህኑ የአባትሽን ሥራ አልጠየቀም። በአንዱ ውኃ ተጠምቀሽ፣ በአንዱ ሜሮን ተቀብተሽ፣ ማዕተብ ታሰረልሽ። ስለዚህ ጥምቀት ነው ጳውሎስ «ክርስቶስን ለብሳችኋልና» ካለ በኋላ «ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም» ያለው። ከዚያ ቀን በኋላ አጥንት ቆጥሮ የአንቺን ክርስትና ከሌላው ክርስትና ዝቅ የሚያደርግ ሥልጣን ለማንም አልተሰጠም።

ስለ እጅ ሥራም መጽሐፍ ቅዱስ ዝም አላለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ ነው። ጌታችን በናዝሬት ጸራቢ ተብሏል፤ ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስም በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው፤ በቆርኔሌዎስ ፊት ቆሞ እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያዳላ የመሰከረው ከዚያ ቤት ተነሥቶ ሄዶ ነው። በመቅደሳችንም የሚታጠንበት ጽና፣ ሥጋው የሚቀርብበት ጻሕል፣ ደሙ የሚቀዳበት ጽዋዕ፣ ሕዝቡ የሚሳለመው መስቀል ሁሉ ከቀጥቃጭና ከአንጥረኛ እጅ የወጡ ናቸው፤ መጋረጃውን ሸማኔ ሸምኖታል፣ የወንጌሉንም ብራና ፋቂ ፍቆታል። የእጁን ሥራ ተሳልሞ ሠሪውን መጸየፍ እጅግ ያሳዝነኛል። በመንግሥት በኩል እንኳ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል።

ብዙዎቹን ወደ ኋላ የሚይዛቸው ግን ንቀት ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም መሆኑን አውቃለሁ፤ «ቡዳ ነው፣ ይበላል» የሚለው ወሬ። ለእነርሱ የምለው ይህ ነው። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ምቀኝነትን ከሰው ልብ ከሚወጡት ክፉ ነገሮች ጋር ቈጥሮታል፤ ከየትኛውም ሰው ልብ የሚወጣ ኃጢአት አድርጎ እንጂ በሙያ ወይም በዘር የሚወረስ ነገር አድርጎ አላስተማረም። የታመመ ሰው ይጸልይ፣ ይጠመቅ፣ ሐኪምም ዘንድ ይሂድ፤ በጎረቤቱ ላይ ግን በሐሰት አይመስክር።

አንዳንዶች ደግሞ «ቤተ ክርስቲያን ራሷ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብላ ሰውን በየስፍራው ታቆም የለምን?» ይላሉ። ይህ ሥርዐት የአገልግሎትና የመዘጋጀት ሥርዐት ነው። መቅደስ የሚገባው ካህን የሚገባው ስለ ክህነቱ ነው፤ ከቁርባን የሚከለከልም የሚከለከለው በራሱ ኃጢአት ነው፣ ንስሐ ገብቶም ይመለሳል። የትውልድ ነገር ግን ንስሐ የሚገቡበት ጥፋት ስላልሆነ፣ በእርሱ ምክንያት የተከለከለ ሰው መመለሻ መንገድ የለውም፤ እንዲህ ያለ ክልከላም በቤተ ክርስቲያን የለም። ጋብቻም ቢሆን በሥጋ ዝምድና፣ በክርስትና ልጅነትና በእምነት ልዩነት ይከለከላል እንጂ በወላጆች ሙያ አይከለከልም።

ከማኅበሩ ብትወጪ ኃጢአት አይሆንብሽም፤ ዝም ብለሽ እንድትወጪ ግን አልመክርሽም፤ ዝም ብለሽ ብትሄጂ እነርሱ በስሕተታቸው ይቀራሉና። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንዳዘዘው አስቀድመሽ ያችን እኅት ለብቻዋ አነጋግሪያት፤ ቀጥሎም ለማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት ለማኅበሩ መሪ፣ እና ለንስሐ አባትሽ አስረጂ። ዳቦውን የሚባርኩት አባት በሚቀጥለው ተራሽ ተገኝተው ከጠላሽ አስቀድመው እንዲቀምሱና ለማኅበርተኛው ሁሉ በአንድ ዋንጫ እንዲቀዳ እንዲያዙ ጠይቂያቸው፤ ይህ ግዴታቸው ነው። የማኅበሩ አባላትም «ለሰው ፊት ብታዳሉ ግን ኃጢአትን ትሠራላችሁ» የሚለውን የያዕቆብን ቃል አንብበው ይህን ለንስሐ አባታቸው ይናዘዙት፤ በተለይ ያልጾሙትን ጾም ለመጸየፍ ሽፋን ያደረጉት ሁለት ጊዜ በድለዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቢ ቢሉ፣ በአጥቢያሽ ወዳለ ሌላ ማኅበር ሂጂ። ከቅዱስ ቁርባን ግን በእነርሱ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ አትቅሪ።