መልስ፦ ሻንት ያለበት ልጅ ሄድፎን ቢያደርግ ችግር አለው?

እህቴ፣ ልጅሽ ጭንቅላቱ ውስጥ ለሚጠራቀመው ውሃ ሻንት (ውሃውን የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ) ስለተገጠመለት ሄድፎን ይጎዳው እንደሆነ ጠይቀሻል። መጀመሪያ ሻንቱ ላይ ያለውን፣ የውሃውን ፍሰት የሚቆጣጠረውን የቫልቩን ዓይነት እወቂ። ግፊቱ የማይቀየር ዓይነት ከሆነ ሄድፎን ግፊቱን አይቀይረውም፣ አትጨነቂ። ከውጭ የሚስተካከል ከሆነ ግን ሐኪሙ ራሱ ግፊቱን የሚቀይረው ከቆዳው በላይ ማግኔት አስጠግቶ ስለሆነ፣ ሌላ ማግኔትም፣ ሄድፎን ውስጥ ያለውን ጨምሮ፣ በጣም ከቀረበው ሳይታሰብ ሊያዛባው ይችላል። ቫልቩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከጆሮ ጀርባ ነው፣ እዚያው ሄድፎኑ የሚያርፍበት አካባቢ! የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ማግኔት ያለበትን ዕቃ ከቫልቩ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ አርቁ ይላል። ስልክም ቫልቩ በሌለበት በኩል ባለው ጆሮ ያናግር። እኔን ከሄድፎን ይልቅ የሚያሳስበኝ ታብሌት ነው፤ ልጆች ሲያዩ እንቅልፍ ይጥላቸውና ማግኔት ባለው ሽፋኑ ላይ ተኝተው ያድራሉ።

አንዳንዶቹ አዳዲስ ቫልቮች መቆለፊያ ስላላቸው በቤት ዕቃ በቀላሉ አይነኩም። ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ የምስል ምርመራ) ከታዘዘለት ግን ሻንት እንዳለው አስቀድመሽ ንገሪ፣ ሲጨርስም የቫልቩ ግፊት ይታይለት። ራስ ምታት፣ ማስታወክ ወይም ያልተለመደ ድብታ ካየሽበት ነገ አትበይ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰጂው። የቫልቩን ስምና የተስተካከለበትን ቁጥር ቀዶ ጥገና ካደረጉለት ጠይቀሽ ስልክሽ ላይ ያዢው።