ሌሊት ባት ጨብጦ ሲይዝ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሌሊት ባቴ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና በድንጋጤ ያስነሳኛል። ከለቀቀኝ በኋላም እስከ ማግስቱ ስነካው ያመኛል። ሲይዘኝ ምን ላድርግ? ማግኒዚየም እንድወስድም ተመክሬያለሁ።

መልስ፦ የያዘዎት ጡንቻ ተኮማትሮ ያጠረ ነው፤ ቶሎ የሚለቀው ሲረዝም ነው። ጣቶችዎን ወደ ታች ከዘረጉ ይበልጥ ያጥራልና ሕመሙ ይብሳል። ጉልበትዎን ቀጥ አድርገው የእግርዎን ጣቶች ወደ አገዳዎ ይሳቡ። እጅዎ ካልደረሰ ፎጣ በውስጥ እግርዎ ላይ አሳልፈው ሁለቱን ጫፎች በዝግታ ይጎትቱ። መንጨቅ የለም፤ የተኮማተረ ጡንቻ በኃይል ሲሳብ ሊጎዳ ይችላል። ጉልበት ከታጠፈም ነገሩ አይሠራም፤ ትልቁ የባት ጡንቻ የሚጀምረው ከጉልበት በላይ ስለሆነ ጉልበት ሲታጠፍ ይላላል። መቆም ከቻሉ ግድግዳ ይዘው ተረከዝዎን መሬት ላይ ይጫኑ። ሲለቅዎ ባትዎን ያሹት፤ ለቀሪው ሕመም ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ጥሩ ነው። ስኳር ያለበትና እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ሙቀቱን በእጁ ይለካ፤ እግሩ ቢቃጠል ላይታወቀው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የምናምንበት ግን ከመኝታ በፊት የሚደረገው መሳሳብ ነው። ከግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው ሁለት እጅዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ። አንዱን እግር ወደ ኋላ ያድርጉ፤ ጉልበቱ ቀጥ፣ ተረከዙ መሬት የነካ ይሁን። የፊተኛውን ጉልበት እያጠፉ ባትዎ ሲወጠር እስኪሰማዎት ወደ ግድግዳው ያዘንብሉ። 30 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፤ በየእግሩ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። የሚበላሸው ተረከዝ ሲነሳ፣ የኋለኛው እግር ጣቶች ወደ ውጭ ሲዞሩ፣ ወይም ሰው ከፍ ዝቅ እያለ ሲወዛወዝ ነው። በሦስት ቀን አይፍረዱበት፤ ቢያንስ ስድስት ሳምንት በየምሽቱ ይሥሩት።

አልጋውንም ይዩት። በጀርባ ሲተኙ ከባድ ብርድ ልብስ እግርን ወደ ታች ይጫናል፤ ባት ሌሊቱን ሙሉ አጥሮ ያድራል። ብርድ ልብሱን ከግርጌ ያላሉት። በሆድዎ የሚተኙ ከሆነ እግሮችዎ ከፍራሹ ጫፍ ውጭ ይንጠልጠሉ።

ማግኒዚየምን በተመለከተ፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ይህን ሕመም የመከላከል ጥቅሙ የሚታይ እንደማይመስል ደምድሟል። ሆድ ያስቀምጣል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። ለዚህ ሕመም ብሎ ኩዊኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት የሚሰጥዎት ካለ አይቀበሉ። የደም መርጊያ ህዋሳትን እጅግ ሊያወርድና የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለእግር መኮማተር እንዳይወሰድ ካስጠነቀቀ ቆይቷል።

ይልቅ ሕመሙ የጀመረዎት አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ እንደሆነ ያስታውሱ። ሽንት የሚያሸኑ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የኮሌስትሮል መቀነሻዎችና የአስም መንፊያዎች ያመጡታል። በራስዎ አያቋርጡ፤ ቀኑን ጽፈው ለሐኪምዎ ያሳዩ። ሲራመዱ ባትዎን አሞት ሲቆሙ የሚተውዎት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የእግር ደም ሥር መጥበብ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ውስጥ እግሬንና ጣቶቼን እያጣመመ ይይዘኛል። ለልጄ ያሰጋል?

መልስ፦ በእርግዝና ሁለተኛ አጋማሽ የተለመደ ነው፤ መኮማተሩ በራሱ ፅንሱን አይጎዳም። ሲይዝሽ ጣቶችሽን፣ በተለይ አውራ ጣትሽን፣ በእጅሽ ወደ ላይ ሳቢ፤ ሆድሽ ካላስደረሰሽ በባዶ እግርሽ ተነስተሽ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ቁሚ። እንዳትወድቂ ግን የምትይዢው ነገር ይኑር። ማንኛውንም እንክብል በክትትልሽ ላይ ሳትጠይቂ አትውሰጂ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ እርግዝና የደም መርጋትን ዕድል ይጨምራል። የጡንቻ መኮማተር በደቂቃዎች ይለቃል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ፣ ሕመሙም አልለቅ ካለ አትሺው፤ በዚያው ዕለት ታከሚ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ጥያቄ፦ እኔን አይጨብጠኝም፤ ማታ ጋደም ስል ግን እግሬ አላርፍ ይላል። ስንቀሳቀስ ይሻለኛል።

መልስ፦ ጡንቻው ካልጠጠረና መንቀሳቀስ ካስታገሰዎት ይህ እረፍት የለሽ እግር የሚባለው ነው፤ የባት መሳሳቡ ብቻውን አይበቃውም። ከብረት ማነስ ጋር ይያያዛልና ሐኪምዎ ሄሞግሎቢንን ብቻ ሳይሆን የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲንንም እንዲያስለካልዎት ይጠይቁ፤ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ የተከማቸው ብረት ሊያልቅ ይችላል።