ኤአይ እና የፕሮስቴት ካንሰር አደጋ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61፣ ፒኤስኤዬ (ፕሮስቴት የሚያመነጨው፣ በደም የሚለካ ፕሮቲን) 6 ነው። ይህን ለቻትቦት ብነግረው አደጋዬን ያውቅልኛል?

መልስ፦ አያውቅም። በአንድ ቁጥር ሐኪምም አይፈርድም፤ ቻትቦት ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈተነ መሣሪያ አይደለም። መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ይጣራ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) መግባት፣ በዋዜማው የተደረገ ግንኙነት ፒኤስኤን ከፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያስደግሙት። ለፕሮስቴት ማበጥ ፊናስተራይድ ወይም ዱታስተራይድ ከ6 ወር በላይ የወሰደ ሰው ደግሞ ፒኤስኤው በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ የእሱ 6 እንደ 12 ይታያል። መድኃኒቱ ያልተነገረው የአደጋ ማስያ (ዕድሜንና ፒኤስኤን ተቀብሎ የካንሰሩን ዕድል የሚያሰላ ፕሮግራም)፣ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ አደጋውን አሳንሶ ያወጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኤአይ የሚጠቅመው የት ላይ ነው?

መልስ፦ ምስል ማንበብ ላይ። በኔዘርላንድስ ናይሜኸን የተመራውና በ2024 የወጣው ፒአይ-ካይ ጥናት፣ ኤአይን በ400 ሰዎች ኤምአርአይ ላይ ከ20 አገሮች ከመጡ 62 ራዲዮሎጂስቶች (ምስል አንባቢ ሐኪሞች) ጋር አወዳድሮት ነበር። አደገኛውን ካንሰር ከሌላው በመለየት ኤአዩ 0.91፣ ሐኪሞቹ 0.86 አገኙ፤ ፍጹም የሆነው 1 ነው። ሆኖም የታካሚው ሙሉ ታሪክ ካለበት የሆስፒታል የዕለት ተዕለት ንባብ ጋር ሲነጻጸር ይህ ብልጫ አልታየም። ይህን ሁለተኛ ውጤት ብዙዎች ሳይጠቅሱ ያልፉታል።

አርቴራ የሚባለው የኤአይ ምርመራ ሌላ ነው። ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ የባዮፕሲውን (ከፕሮስቴቱ በመርፌ የተወሰደውን ናሙና) ስላይድ ምስል ከዕድሜና ከፒኤስኤ ጋር አይቶ በሽታው ምን ያህል እንደሚከፋ ይገምታል። «ባዮፕሲ ላድርግ ወይስ ይቅር?» ላለ ሰው አይሆንም።

ጥያቄ፦ ኤምአርአዩን ያነበበው ኤአይ «ዝቅተኛ አደጋ» አለ። ባዮፕሲው ይቅር?

መልስ፦ የፕሮስቴትዎን መጠን ሪፖርቱ ላይ ይፈልጉና ፒኤስኤውን ለእሱ ያካፍሉ። 6 ለ60 ሚሊሊትር 0.10 ነው፤ ረጋ ያሰኛል። 6 ለ30 ግን 0.20 ነው፤ ከ0.15 ስለሚበልጥ ምስሉ ንጹሕ ቢመስልም ዩሮሎጂስትዎን (የሽንትና የፕሮስቴት ሐኪምዎን) ስለ ባዮፕሲ ይጠይቁ። የምስሉም ጥራት ይታይ፦ ፊንጢጣ ውስጥ ያለ ጋዝና የዳሌ ብረት ምስሉን ያዛባሉ፤ የተዛባውን ኤአዩም አሳስቶ ያነበዋል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። ማስያው ዘር ሲጠይቀኝ «ጥቁር» ልበል?

መልስ፦ ይበሉ፤ ውጤቱን ግን በግምት ይያዙት። የአሜሪካ ጥቁሮች የአደጋ ቁጥር በአብዛኛው የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተገኘ ነው። ፒአይ-ካይም የሠለጠነው በአውሮፓ በተነሡ ምስሎች ነው። ስለዚህ ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች የቤተሰብ ታሪክ ይበልጥ ይመዝናል፦ አባት ወይም ወንድም ታሞ ከሆነ፣ በእናት ወይም በአባት በኩል የጡት ወይም የማህፀን እንቁላል ካንሰር ካለ፣ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። አገር ቤት ያሉትን ዘመዶች ደውለው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ «በሽንት መዘጋት ሞተ» የሚባለው ሰው የታመመው ፕሮስቴቱን ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሌላ ሐኪም እንዲያይልኝ ምን ልላክ?

መልስ፦ የዳይኮም ፋይሉን (የኤምአርአዩን ሙሉ ዲጂታል ምስል) በሲዲ። በስልክ የተነሣ የፊልም ፎቶ ለሐኪምም ለኤአይም አይበቃም።