የአባቴን ካሴት ማጫወት ፈራሁ

ጥያቄ፦ አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ጅቡቲ ሲሠሩ በደብዳቤ ፋንታ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ድሬ ይልኩልን ነበር። የመጨረሻው፣ ባለ 90 ደቂቃው፣ መልስ ሳልልክላቸው አረፉ። ይኸው ስንት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቴፑ ክሩን ቢበላውስ ብዬ እፈራለሁ፤ እውነቱን ለመናገር መስማቱንም እፈራለሁ። ልጆቼ ደግሞ የአያታቸውን ድምፅ አያውቁትም። (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱ ፍርሃቶች ተደባልቀውብዎታል። ካሴቱን መገልበጥ አንድ ሥራ ነው፣ መስማት ሌላ። የሚቸኩለው መገልበጡ ብቻ ነው፤ እሱም አንዲት ቃል ሳይሰሙ ሊያልቅ ይችላል።

አስቀድመው ክሩ ከሚታይበት ጠርዝ በተቃራኒ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጆሮዎች ይስበሯቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ተሳስቶ «ሪከርድ» ቢጫን በአባትዎ ድምፅ ላይ አይቀዳም።

ቀጥሎ ከክሩ ጀርባ፣ መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ ይዩ። ክሩን ከቴፑ ሄድ (ድምፁን ከክሩ ከሚያነበው ክፍል) ጋር አስጠግታ የምትይዘው እሷ ናት። በድሬ ሙቀት ማጣበቂያዋ ደርቆ ትወድቃለች፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይደበዝዝና ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ካሴቱን ይጥለዋል። ክሩ ግን ደህና ነው። የካሴቱ ሽፋን በብሎን የታሰረ ከሆነ (ብዙ ጊዜ 5 ናቸው) ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ይፍቱትና ክሩን ከነጥቅሉ ወደ ሌላ ደህና ካሴት ሽፋን ያዛውሩ። ቀና አድርገው እንዳይከፍቱት፣ ጥቅሉ ይበተናል።

የባለ 90ው ክር ውፍረቱ 12 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ያህል ነው፤ የባለ 60ው 18። ስለዚህ ቶሎ ይጠመጠማል። ክር የሚያስበላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ክሩን በሚጎትተው ጎማ ላይ የተጋገረው ቡናማ ቆሻሻ ነው። ጎማውንና ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጠርገው እስኪደርቅ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ የማያሳዝን የዘፈን ካሴት አስገብተው ቴፑን ይፈትኑ፤ የድምፁንም መጠን በዚያው ያስተካክሉ። የአባትዎን ካሴት መጀመሪያ በቢክ እስክሪብቶ ጥቂት ዙር ያጠንጥኑት። ያለ ችግር ከዞረ በቴፑ እስከ መጨረሻ አዙረው ይመልሱት፤ ለዓመታት የተጣበቀው ይላቀቃል።

የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ከላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ጋር ያገናኙ፤ ላፕቶፑ ላይ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ከፍተው መቅዳት ያስጀምሩና የላፕቶፑን ድምፅ ይዝጉ። አንዱ ገጽ 45 ደቂቃ ነው፤ ማፍጠኛ የለውም። የድምፁ ሞገድ ስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ ካለ እየተቀዳ ነው፤ ጫፉ ቀዩን ከነካ የቴፑን ድምፅ ይቀንሱ። ኤምፒ3 ሳይሆን ዌቭ (WAV፣ ድምፁን ሳይጨምቅ የሚይዝ ፋይል) አድርገው ያስቀምጡ፤ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) ቢቀዳ አንዱ ገጽ 240 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በሁለት ፍላሽ ይገልብጡት፤ አንዱ እቤትዎ፣ ሌላው ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ ይቀመጥ።

ክሩ ቢበጠስ ተራ ፕላስተር አይለጥፉበት፤ ሙጫው በሙቀት ይቀልጥና ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል።

መስማቱ ቀኑን ይጠብቅ። በሌሊት ብቻዎን ባይጀምሩት እንመክራለን፤ ወንድም ወይም እህት ካለዎት ቀድመው ሰምተው ምን እንዳለበት ይንገሩዎት። አንድ ነገር ግን ይወቁ፦ ቃላቸው ከመምጣቱ 2 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ያው ቃል በስሱ ሊሰማ ይችላል። አይደንግጡ። ክሩ ሲጠቀለል የአንዱ ዙር ድምፅ በላዩ ወዳለው ዙር ስለሚጋባ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። ሲሰሙ የሚጠሯቸውን ሰዎች ስም ከነዝምድናቸው ይጻፉ። ልጆችዎ ድምፁን ይወዱታል፣ «እትዬ» የተባለችው ማን እንደሆነች ግን ከእርስዎ በቀር የሚነግራቸው የለም።

ጥያቄ፦ የሟች ወንድሜ ብቸኛ ፎቶ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል። ልላጠው? (ጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ እንዳይነኩት። ከተላጠ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። መስታወቱን ከውጭ ጠርገው፣ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለው ፎቶ ያንሱት። ዋናው ከነመስታወቱ ይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ ቅጂው ይሰቀል።