የክለብ ባለቤቶች የሚሸነፍ አሰልጣኝን እንዴት ይይዛሉ? ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ቡድን በተከታታይ ሲሸነፍ ባለቤቶች ተጫዋቾቹን ትተው አሰልጣኙን የሚያሰናብቱት ለምንድን ነው?

መልስ፦ በውድድር ዘመን መካከል ሙሉ ቡድን መለወጥ አይቻልም፤ አሰልጣኝን ግን በአንድ ስብሰባ መለወጥ ይቻላል። ከፕሪሚየር ሊግ የሚወርድ ክለብ ከቴሌቪዥን መብት የሚያገኘው ገቢ በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ባለቤቱ የውል ማፍረሻ ካሳውን ከመውረድ ኪሳራ ጋር ሲያመዛዝን ካሳውን መክፈል ይቀለዋል።

ጥያቄ፦ ሌስተር ሲቲ አሰልጣኙን ራኒየሪን ማሰናበቱ ክህደት አልነበረም?

መልስ፦ ልብ የሚሰብር ነበር፤ ስህተት ነበር ለማለት ግን ይከብደኛል። በ2016 ሻምፒዮን የሆነው ቡድን በየካቲት 2017 ከወራጅ ቀጠና የሚበልጠው በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ዓመትም በሊጉ አንድ ጎል አላስቆጠረም። ምክትሉ ሼክስፒር ከተረከበ በኋላ የመጀመሪያዎቹን አምስት የሊግ ጨዋታዎች አሸንፎ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ያን ያህል ታሪክ የሠራ ሰው ስንብቱ ይፋ የሆነው ከሴቪያ ጋር በተደረገው የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ማግስት መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አርሰናል አርቴታን ለምን ታገሠው?

መልስ፦ ስለ ባለቤቶች ትዕግሥት ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቅሰው ይህንን ነው። አርቴታ በ2019 መጨረሻ ከተሾመ በኋላ የኤፍ ኤ ካፕን ቢያነሳም፣ ቡድኑ በሊጉ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስምንተኛ ሆነ። በ2021 ክረምት ደግሞ በብሬንትፎርድና በቼልሲ 2 ለ 0፣ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተሸንፎ፣ አንድም የሊግ ጎል ሳያስቆጥር በሰንጠረዡ ግርጌ ተቀመጠ። የክለቡ ባለቤቶች ክሮንኬዎችና ቴክኒካል ዳይሬክተሩ ኤዱ ግን በዚያው ክረምት ወጣቶችን ለመግዛት ብዙ ገንዘብ አውጥተው ነበር፤ ከተገዙት መካከል ራምስዴልና ቶሚያሱም በሊጉ ገና አልተሰለፉም ነበር። ሁለቱ አብረው በተሰለፉበት የመጀመሪያ ጨዋታ ኖርዊች 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ አምስተኛ፣ በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ሆነ። አሰልጣኙን በሦስት ጨዋታ ቢያሰናብቱት ኖሮ የሚያፈርሱት የራሳቸውን ዕቅድ ነበር።

ጥያቄ፦ ፈርጉሰን ዛሬ ቢሆን ይታገሡት ነበር?

መልስ፦ አይመስለኝም። በ1986 በማንቸስተር ዩናይትድ ተሹሞ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው በ1990 ነው፤ በዚያ የውድድር ዘመን ዩናይትድ በሊጉ 13ኛ ነበር።

ጥያቄ፦ ከማሰናበትና ከመታገሥ የትኛው ይሻላል ይላሉ?

መልስ፦ ሁለቱም ምክንያት ሲኖራቸው ያስኬዳሉ፤ የሚጎዳው መዋለል ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ በሐምሌ 2024 የቴን ሃግን ውል አራዝሞ፣ በዚያው ጥቅምት አሰናበተው፤ በመካከሉ ለእሱ አጨዋወት ተብለው የተገዙት ተጫዋቾች ሌላ ሥርዓት ለሚከተለው ለተተኪው አሰልጣኝ ለአሞሪም ተረፉ። ሊድስና ሳውዝሃምፕተንም በ2022-23 እያንዳንዳቸው ሦስት ዋና አሰልጣኞችን ቀያይረው ሁለቱም ወረዱ።