ጉልበቷ ለሚገጥም የ4 ዓመት ልጅ እናት
ሰላም እህቴ፣ አብሽሪ። ልጅሽ ስትቆም ጉልበቷ ይገጥማል፤ ጎረቤት «የቫይታሚን ዲ መርፌ አስወጊያት» ይልሻል፣ እናትሽ ደግሞ «ለአቅመ ሄዋን ስትደርስ ሆርሞኑ ያቃናዋል» ይላሉ። እዚሁ ደሴ ሕፃናት ክፍል በነርስነት ስሠራ ይህ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይመጣል።

በ3 እና በ4 ዓመት ጉልበት መግጠም አብዛኛውን ጊዜ የእድገት ጠባይ ነው፤ እስከ 7 ዓመት ገደማ በራሱ ይስተካከላል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ ቀድሜ የምይዘው የእጁን አንጓ ነው። ሪኬትስ (በተለይ በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የልጆች አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ካለ አንጓው ሰፋ፣ ወፈር ይላል። ደረቱን ስትዳብሺው የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ እንደ ሙስበሃ ተደርድሮ እጅሽ ላይ ይመጣል። በእግሯ መሄድ የጀመረችው ዘግይታ ከሆነ፣ ቁመቷ ካነሰ፣ ወይም የጎበጠው አንድ እግሯ ብቻ ከሆነ ሐኪም ይያት፤ ራጅና የደም ምርመራ ያዝላታል።

እናትሽ እንዳሉት ግን እባክሽ ጉርምስናን አትጠብቂ። ከጉርምስና በፊት አጥንትን የሚያስረዝሙት በዋናነት የእድገት ሆርሞንና የታይሮይድ ሆርሞን ናቸው። የጉርምስናው ሆርሞን እድገቱን ካፋጠነ በኋላ አጥንቱ የሚረዝምበትን ጫፍ ይዘጋዋል። ስለዚህ ሪኬትስ ያለባት ልጅ በመጠበቅ የምታጣው ዋናውን የመቃኛ ጊዜ ነው። ቫይታሚን ዲ ሲጎድል አንጀት ካልሲየምን በደንብ አይቀበልም፤ ያኔ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ደሙን ለማሟላት ከአጥንት ይወስዳል፣ ፎስፎረስንም በሽንት ያስወጣል። አዲሱ አጥንት ሳይጠነክር ክብደቷን ይሸከማል፣ ይጎብጣል።

መርፌውን ያለ ምርመራ አታስወጊያት። ቫይታሚን ዲ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ካልሲየምን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ያስመልሳል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ካልሲየም ያላቸውን ወተት፣ እርጎና ጎመን ካላገኘች ደግሞ መርፌው ብቻውን የትም አያደርሳትም።

ፀሐይ አገር ነን ብለሽም አትዘናጊ። ክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ልጆቻችን ቤት ይከርማሉ፤ በመስኮት መስታወት የሚገባው ብርሃንም ቫይታሚን ዲ አያሠራም። ፀሐይ በወጣ ቀን ረፋዱ ላይ እጅና እግሯን ገልጠሽ ደጅ ትጫወት። ጡት የሚጠባ ታናሽ ካላት በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ስለመስጠት ሐኪሙን ጠይቂ፤ የእናት ወተት ሌላው ቢሟላለትም ቫይታሚን ዲው ጥቂት ነው።

ዛሬ ማታ ጉልበቶቿን አገናኝተሽ አስቁሚያትና በቁርጭምጭሚቶቿ መካከል ያለውን ክፍተት ለኪ፤ ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ጻፊው። ከ8 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም ከወራት በኋላ ስትለኪው ሰፍቶ ካገኘሽው፣ ወረቀቱን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።